«አልታየም» ተብሎ የተጻፈው የቤት ምርመራ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ፀጉር ለመቁረጥ የመንግሥት የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥፍር ለመሥራትም እንዲሁ። ለገዢ ቤት ፈትሾ ሪፖርት ለመጻፍ ግን ግዛቷ ፈቃድ አትጠይቅም። ምስጥና የበሰበሰ እንጨት የሚፈልገው ባለሙያ ፈቃድ አለው፤ ከጣሪያ እስከ መሠረት በጥቅሉ አይቶ የሚፈርመው ኢንስፔክተር ግን ላይኖረው ይችላል። ይህን ለእኔና ለባለቤቴ የነገረን ሰው አልነበረም።

ለማስተርስ ትምህርት መጥቼ በሶፍትዌር መሐንዲስነት እዚሁ ቀረሁ። ሳን ሆዜ ለዓመታት ተከራይተን ከኖርን በኋላ የመጀመሪያ ቤታችንን ኦክላንድ ገዛን፤ በ1920ዎቹ የተሠራ ትንሽ የእንጨት ቤት ነው። በዚህ አካባቢ ገዢዎች ስለሚሻሙ ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ኢንስፔክተሩን የጠቆመንም ኤጀንታችን ነበር። ሰውየው ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሄደ፤ በማግስቱ ፎቶ የበዛበት ስድሳ ገጽ ሪፖርት ላከልን። የላላ የበር እጀታ በፎቶ አለ። የሚጮህ የመታጠቢያ ቤት ፋን አለ። ወደ መጨረሻው ደግሞ በአንድ መስመር፦ «ከወለሉ ሥር ያለው ክፍተት፦ መግቢያው በዕቃ ስለተዘጋ አልታየም።» ማጠቃለያው ግን ቤቱ «ለዕድሜው ጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» ይላል። በእኛ ሙያ የተዘለለ ፈተና እንዳለፈ አይቆጠርም።

የኦክላንድ ዝናብ የሚመጣው በገና ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ዝናብ ሳሎኑ እርጥበት እርጥበት መሽተት ጀመረ። የጠራነው የመሠረት ሠራተኛ ዕቃውን ገፋ አድርጎ፣ በደረቱ ተስቦ ከወለሉ ሥር ገባ። ውኃ ተኝቷል። ቤቱን የተሸከመው የግርጌ እንጨት በአንድ በኩል በስብሷል። ከሁሉ የከፋው፣ ቤቱን ከኮንክሪቱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች የሉም፤ ቤቱ በክብደቱ ብቻ ነው የተቀመጠው።

ብሎን ትንሽ ነገር ይመስላል። ኦክላንድ ግን የሃይዋርድ ስንጥቅ የሚያልፍባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1989 በደረሰው፣ 6.9 በተለካው የሎማ ፕሪዬታ ርዕደ መሬት እዚሁ ኦክላንድ ባለ ሁለት ፎቅ አውራ ጎዳና ተደርምሶ 42 ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያለ ያልታሰረ አሮጌ ቤት ሲናወጥ ከመሠረቱ ይንሸራተታል። ግዛቷ ለሚመረጡ አሮጌ ቤቶች ማሰሪያ እስከ 3,000 ዶላር የምትረዳበት ፕሮግራም ያላት ለዚህ ነው። የበሰበሰው እንጨት ግን በዚያ አይሸፈንም።

የሚገርመው፣ በእርግጥ ተፈትሾ ያገኘነው የፍሳሽ ቱቦውን ነው። ከ2012 ጀምሮ ኦክላንድ ውስጥ ቤት ሲሸጥ ቱቦው እንደማያፈስ የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ከውኃ መሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል። ሕግ ስላስገደደ ተፈተሸ።

አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«ታዲያ ያ ሰውዬ ምን ሊያይ መጣ?» አለችኝ።

«የሚታየውን ነው፣ እማዬ።»

«የሚታየውንማ አንተስ ታየው የለ!»

ለኢንስፔክተሩ ስንጽፍለት «በውላችን መሠረት ኃላፊነቴ ከከፈላችሁኝ ዋጋ አያልፍም» ብሎ ክፍያውን ሊመልስ ተስማማ። ያማከርነው ጠበቃ ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛው ደስ ይላል፦ የካሊፎርኒያ ሕግ ኢንስፔክተር ኃላፊነቱን በሪፖርቱ ዋጋ ብቻ እንዲወስን አይፈቅድም፤ እንዲህ ያለው አንቀጽ ዋጋ የለውም፤ ለመክሰስም ከምርመራው ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ይሰጣል። ሁለተኛው አያስደስትም፦ ሰውየውን የሚከላከልለት ያ አንቀጽ ሳይሆን «አልታየም» የምትለው ቃል ናት። አለማየቱን ጽፏላ! እንግዲህ ክርክሩ አንድ ጠንቃቃ ባለሙያ ዕቃውን አስነስቶ ወይም ተመልሶ መጥቶ ያይ ነበር ወይ በሚለው ላይ ነው። አሁንም ደብዳቤ እየተጻጻፍን ነው። እንጨቱን ግን ዝናቡ ሳይደገም አስቀይረን ብሎኖቹን አስገብተናል፤ ለዕረፍት አገር ቤት ልንሄድበት ያስቀመጥነው ገንዘብ እዚያ ገባ።

ባለፈው ወር ሳን ሆዜ ቤት ሊገዙ ያሉ ወዳጆቻችን ኢንስፔክተር ሲፈልጉ፣ ባለቤቴ ከክፍያ በፊት በጽሑፍ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ሰጠቻቸው፦ «ከወለሉ ሥር ትገባለህ? መግቢያው ተዘግቶ ብታገኘውስ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትመለሳለህ?» የመጀመሪያው መልስ አልሰጠም። ሁለተኛው «እንደ ሁኔታው» አለ። ሦስተኛው «ሻጩ ቀድሞ ዕቃውን እንዲያነሳ ንገሩልኝ፤ ቱታዬን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ መለሰ። እሱን ቀጠሩት።