ጅብ ስትወልድ፣ ቀበሮ ስትዳር

በሆላንድ ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በነበርንበት ዘመን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቦግ ብላ ሳለ ዝናብ ጣለ። በቤተ ሙከራው መስኮት አጠገብ ሦስት ሰዎች ቆመን ነበር። ሳናስበው «ጅብ ወለደች» የሚል ቃል ከአፋችን አመለጠ። በአማርኛ ነበርና ትርጉሙን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ሆላንዳዊው ባልደረባችን ሳቅ ብሎ በእነርሱ ዘንድ እንዲህ ሲሆን «በሲኦል የበዓል ገበያ ቆመ» እንደሚባል አወጋን። ጃፓናዊው ግን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «በእኛ ሀገር የቀበሮ ሠርግ ነው» አለ።

ሦስታችንም ብርሃን በውኃ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚሰበር በቀመር ማስላት የምንችል ሰዎች ነበርን። ሆኖም አስቀድሞ ከአፋችን የወጣው አያቶቻችን ያስተማሩን ነው።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነን ኖሯል። ፊንላንዳዊው የሥነ ቃል ሊቅ ማቲ ኩሲ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጥናት ፀሐይ እየታየች ስለሚዘንብ ዝናብ በየሀገሩ የሚነገረውን አባባል ሰብስቦ ነበር። ቡልጋሮች ድብ ተዳረች ይላሉ፤ ዙሉዎች የዝንጀሮ ሠርግ ይሉታል፤ የአልጄሪያ ቀቢሎች እንደ ጃፓኖቹ ቀበሮን ይድራሉ። እኛን የሳበን ግን በኢትዮጵያና በጃፓን መካከል ያለው ተጨማሪ መመሳሰል ነው። በሁለቱም ሀገር በዚያ ዝናብ የሚጠራው አውሬ ያው ሰው ይሆናል፣ ሰውም ይሆነዋል ተብሎ የሚፈራው አውሬ ነው። የጃፓን ቀበሮ፣ በቋንቋቸው ኪትሱኔ፣ ቆንጆ ሴት መስላ ሰው ታገባለች። በእኛ ዘንድ ቡዳ የተባለው ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል። አውሮፓውያን ደግሞ ተኩላ የሚሆን ሰው አላቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ዝናቡ ከየት መጣ?

ቀላሉን እናስቀድም። የቆቦን ሜዳ የሚያውቅ ሰው በስተምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተምዕራብ ደግሞ ወደ ላስታ የሚወጣውን ገደል ያስታውሳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራብ ሳለች በዞብል ላይ ደመና ቆሟል እንበል። የደመናው ሥር ከሜዳው በላይ 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጠብታ በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ እየወረደች መሬት እስክትደርስ 500 ሰከንድ ይፈጅባታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ ጎን ይወስዳታል። ስለዚህ ማሽላውን የሚጠብቀው ልጅ አናቱ ላይ ጥርት ያለ ሰማይ እያየ በሌላ ቦታ ደመና ይርሳል። ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ወደ ዞብል ቢመለከት ቀስተ ደመናም ያያል፤ ይህ ግን ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በታች ስትሆን ነው። በነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቆቦ ሰማይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ስለምትቆም፣ በዚያ ሰዓት ቢዘንብ እንኳ ቀስተ ደመና አይኖርም።

ለምን ጅብ? ለምንስ መውለድ? እዚህ ላይ የምንለው ግምት መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን። የሴቷ ጅብ የመውለጃ አካል ከወንዱ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል በሩቅ ሆኖ ሴትና ወንድ መለየት አዳጋች ነው። የጥንት ግሪኮች ጅብ የሁለቱም ጾታ አካል አለው ይሉ ነበር፤ አርስጣጣሊስ ይህን አስተባብሏል። ከዚህም በላይ ጅብ የምትወልደው ከጉድጓድ ውስጥ ነው። እንግዲህ ማንም አይቶት የማያውቅ ነገር፣ ፀሐይና ዝናብ በአንድነት በሚታዩበት በዚያ እንግዳ ሰዓት ይፈጸማል ማለት የራሱ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። የጃፓኑም ሠርግ ሰው ሊያየው የማይገባ ነው፤ አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1990 በሠራው «ሕልሞች» በተባለው ፊልም መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ሠርግ ሰርቆ ያየ ሕፃን ከቤቱ ይባረራል።

የሌሊት ጎረቤቶች

ሦስቱ አውሬዎች የዱር እንስሳት ቢሆኑም ሩቅ የሚኖሩ አይደሉም። ቀበሮ በሩዝ ማሳ ዳር፣ ተኩላ በበጎች በረት ዙሪያ፣ ጅብ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ያድራል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የጅብን ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው ከናሙናዎቹ በ14.8 በመቶው ነበር፤ በጾሙ ጊዜ ግን ወደ 33.1 በመቶ ከፍ አለ። ሰው ከሥጋ ሲከለከል የሚጣለው አጥንት ይቀንሳልና ጅቡ ወደ አህያ ዞረ ማለት ነው። የእኛን ጾም ጠብቆ ምግቡን የሚለውጥ አውሬ ምን ያህል የቅርብ ጎረቤት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በተረታችን «አያ ጅቦ» ብለን በታላቅ ወንድም መጠሪያ ስንጠራው፣ ጃፓኖቹም ቀበሮን በአክብሮት «ኦኪትሱኔ ሳን» ይሏታል።

ሌሊቱ ደግሞ የራሱ ፊዚክስ አለው። ከተራሮቹ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በሜዳው ላይ ይተኛል፤ በላዩ ያለው አየር ይሞቃል። ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ፈጥኖ ስለሚሄድ ወደ ላይ የወጣው ድምፅ ጎብጦ ወደ መሬት ይመለሳል። በቀን ሰማይ ላይ የሚቀረው የጅብ ጩኸት በሌሊት ከብዙ ርቀት አልፎ ከአጥር ሥር የተጮኸ ይመስላል። ዓይኑም እንዲሁ ነው። ከጅብም ከቀበሮም ከተኩላም የዓይን መጋረጃ በስተኋላ ብርሃንን እንደ መስታወት የሚመልስ ሽፋን አለ፤ የሰው ዓይን ይህ የለውም። ብርሃኑ የሚመለሰው በመጣበት መንገድ ነው። ስለዚህ ባትሪ የያዘው ሰው ሁለት ፍም ሲያይ፣ ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመው ምንም አያይም። በማግሥቱ ሁለቱ በምስክርነት ቢጣሉ ሁለቱም አልዋሹም።

ስለ ምስክርነት ካነሣን አንድ ታሪክ እንጨምር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው መጽሐፉ ጓደኛው ዊልያም ኮፊን የነገረውን ጽፏል። ኮፊን ቡዳ የሚባል አሽከር ነበረው። አሽከሩ አመሻሽ ላይ እስከ ነገ ልሂድ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ኮፊን ፊቱን ወደ ሌሎቹ እንዳዞረ «እዩት፣ ጅብ ሆነ!» ብለው ጮኹ። ዞር ሲል ሰውዬው የለም፤ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ትልቅ ጅብ ይሮጣል። ቦታው ቁጥቋጦ እንኳ የሌለበት ሜዳ ነበር። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እናስከትላለን፤ ሰውዬው ሲለወጥ ያየው ማን ነው? ኮፊን ያየው ሰውን ነው፤ ቀጥሎም ጅብን። በመካከል ያለውን ሰምቶ ሞላው።

የቀጥቃጩ ቤት

እስካሁን ያለው ፊዚክስ ሊያስረዳው የሚችለው ነው። አሁን ወደማያስረዳው እንሂድ።

በ1ኛው ምዕተ ዓመት ሮማዊው ፔትሮኒዩስ የጻፈው ታሪክ እንዲህ ነው። አንድ ወታደር በጨረቃ ብርሃን ልብሱን አውልቆ ተኩላ ይሆናል፤ ተኩላው ከበጎች መካከል ገብቶ አንገቱን በጦር ይወጋል፤ ሲነጋ ወታደሩ አልጋ ላይ ተኝቶ ሐኪም አንገቱን ያክመዋል። በጃፓን ደግሞ በቶሳ፣ በሳኪሃማ መንደር የሚነገር ተረት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1841 በታተመ ሥዕላዊ መጽሐፍም ውስጥ ገብቷል። መንገደኞች በተኩላዎች ተከበው ዛፍ ላይ ይወጣሉ። ተኩላዎቹ አልደረስ ሲላቸው «የሳኪሃማን ቀጥቃጭ ሚስት ጥሩ» ይባባላሉ። ድስት በራሷ የደፋች ነጭ ተኩላ ትመጣለች፤ ከመንገደኞቹ አንዱ በሰይፍ ራሷን ይመታታል። በማግሥቱ ደሙን ተከትሎ ቢሄድ ከቀጥቃጩ ቤት ይደርሳል፤ ሴትዮዋም ራሷን ታማ ተኝታለች።

ይህን ተረት መጀመሪያ ስንሰማ ከመቀመጫችን ተነሣን። በልጅነታችን በቆቦ የሰማነው ነውና። ሌሊት በረት የገባ ጅብ እግሩን በድንጋይ ይመታል፤ ሲነጋ ጠይቡ ያነክሳል። ለምን ገበሬው አላነከሰም? ለምን ነጋዴው፣ ለምን ቄሱ ወይም ሼኩ አላነከሱም? በሺህ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁ ሁለት ሕዝቦች ቁስሉን ተከትለው የደረሱት ከብረት ሠሪው ደጃፍ ነው። በጎንደር አካባቢም ብረት ይቀጠቅጡና ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በዚሁ ስም ተጠርተዋል።

በጃፓን በሺማኔ አውራጃ «ቀበሮ ያሳድራሉ» የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ሰው ከእነርሱ ጋር ለመጋባት ይፈራ ነበር። የሀገሩ ሊቃውንት እንደጻፉት ከእነዚህ ብዙዎቹ ዘግይተው መጥተው የበለጸጉ ነበሩ። በጀርመን በኮሎኝ አጠገብ በቤድቡርግ እ.ኤ.አ. በ1589 ተኩላ ሆነሃል ተብሎ የተገደለው ፒተር ሽቱምፕም ባለጸጋ ገበሬ ነበር ይባላል። በስቃይ ሲጠየቅ ከሰይጣን የተቀበልኩት መቀነት አለኝ አለ፤ መቀነቱ ግን ተፈልጎ አልተገኘም። ልጁም አብራ ተገደለች። እንግዲህ አውሬው የሚጫነው ጎረቤቱ በሚፈልገው ወይም በሚቀናበት ሰው ላይ ነው። የራያ ገበሬ ያለ ቀጥቃጭ ማረሻ የለውም፤ ያለ ማጭድ ጤፉን አያጭድም። ይህን ያህል የሚፈልገውን ሰው ግን ልጁን አይድርለትም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ደግሞ ማክስ ፕላንክ የጋለ አካል የሚሰጠው የብርሃን ቀለም ከሙቀቱ ጋር እንዴት እንደሚዛመድ የሚገልጸውን ቀመር አገኘ። የቁጥሮቹ መገጣጠም የዘመን አቆጣጠር ጨዋታ ብቻ ነው፤ ነገሩን ያነሣነው ግን በምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ቆቦ በሄድንበት ጊዜ፣ በልጅነታችን በፊቱ እህል እንዳንቀምስ የተከለከልንበትን ዓይነት ቤት ፈልገን ገባን። አንድ ሽማግሌ በመስፉ አጠገብ ተቀምጠው ልጃቸው ወናፍ ይነፋል። ብረቱ ለመመታት መድረሱን በምን እንደሚያውቁ ጠየቅናቸው።

«በዓይኔ ነዋ» አሉን። «በርበሬ ሲመስል ገና ነው። ብርቱካን ሲመስል እመታዋለሁ። ከነጣማ ተቃጠለ፣ ጣለው።»

በርበሬ የሚሉት 700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ብርቱካኑ ወደ 1000 ይጠጋል። እኛ ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ ገዝተን፣ መሣሪያውንም በፕላንክ ቀመር አስተካክለን ነው። ሽማግሌው ማረሻውን በጉጠት አንሥተው አዩት፤ መልሰው ከተቱት፤ እንደገና አዩት፤ መቱት። ሰዎች ይበላል ብለው የሚፈሩት ዓይን ይኸው ነው።

ሥራው ሲያልቅ ልጁ ከወናፉ ተነሥቶ ትኩስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበልን። እኛ በላን። ማረሻውን ሊወስድ ተራ ይጠብቅ የነበረ ገበሬም ዘግኖ ተቀበለ፤ አመስግኖም በጋቢው ጫፍ ቋጠረው። ሽማግሌው አይተውት ነበር። ምንም ሳይሉ ፊታቸውን ወደ እሳቱ መለሱ።