ማደሪያ ያጣችው ጥበብ

የዮሐንስን ወንጌል መክፈቻ «ከግሪክ ፍልስፍና የተቀዳ» የሚል ማብራሪያ ባነበብኩ ቁጥር እበሳጫለሁ። ሌላው ወገን ደግሞ ከሚልክያስ እስከ ማቴዎስ ያለውን 400 ዓመት «የዝምታ ዘመን» ብሎ ይዘለዋል። ሁለቱም መሐሉን ቆርጠው ይጥላሉ።

ዝምታ የተባለው ዘመን ተናጋሪ ነበር። የጥበብ መምህሩ ሲራክ በ180 ቅ.ል.ክ. ገደማ ኢየሩሳሌም ላይ ጻፈ፤ የልጅ ልጁ በ132 ቅ.ል.ክ. ገደማ ግብፅ ወርዶ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ወደ ግሪክኛ መለሰው። መጽሐፈ ጥበብም መጽሐፈ ሄኖክም አሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ቆጥራ አቆይታቸዋለች።

የባሌ ሰው የዌብን ወንዝ ያስብ። ከተራሮቻችን ተነሥቶ ሶፍ ኡመር ዋሻ ሲደርስ መሬት ውስጥ ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። መግቢያውንና መውጫውን ለየብቻ ያየ ሁለት ወንዝ ይመስለዋል። የጥበብ ትምህርትም እንደዚህ ወንዝ ነው። ምንጩ አንድ አይደለም፤ ከምሳሌ 22፥17 ጀምሮ ያለው ምክር ከግብፃዊው ከአሜኔሞፔ ትምህርት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ዋሻው ውስጥ ውሃው የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ያልፋል፤ ያ ድንጋይ ኦሪት ነው፤ ሲራክ ጥበብን ከሙሴ ሕግ ጋር አንድ አድርጓታልና። ዌብ ታች ወርዶ ከገናሌ ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ ገናሌው እስክንድርያ ናት፣ አይሁዳዊው ፈላስፋ ፊሎንና የግሪኮቹ መምህራን የነበሩባት። ግሪክ አለ፤ የሚገባው ግን ከታች ነው።

አሁን ሦስት ገጾችን ጎን ለጎን እንክፈት። በሲራክ 24 ጥበብ ከልዑል አፍ ወጥታ ሰማይና ጥልቁን ትዞራለች፣ ማረፊያ ትፈልጋለች፤ ፈጣሪም በያዕቆብ ዘንድ ድንኳኗን እንድትተክል ያዛታል። በሄኖክ (በምሁራን አከፋፈል ምዕራፍ 42) ግን ወደ ሰው ልጆች መጥታ ማደሪያ ታጣለች፣ ወደ ሰማይ ተመልሳ ከመላእክት ጋር ትቀመጣለች፤ በምትኳ ዓመፃ ትወጣና ቤት ታገኛለች። ዮሐንስ ጋ ቃል ወደ ወገኖቹ ይመጣል፣ አይቀበሉትም፤ እርሱ ግን አይመለስም፣ ሥጋ ሆኖ ያድራል። የዮሐንስ አዲስ ነገር የሚታየው ሌሎቹ ሁለቱ ሲነበቡ ነው።

ጎባ ላይ ይህን ሳስነብብ አንዲት እናት «መምህር፣ ዮሐንስ ሄኖክን ያውቅ ነበር ማለት ነው?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይሁዳ ሄኖክን በስሙ ጠርቶ ይጠቅሳል፤ ስለዚህ ሐዋርያት የነበሩበት ማኅበረሰብ ያውቀው ነበር።

ጥበብ ማደሪያ ያጣችበት ምንባብ ግን ያለው ከሄኖክ ምዕራፍ 37 እስከ 71 ባለው ክፍል ነው፤ ክፍሉ ቁምራን ላይ ከተገኙት ጥንታዊ ጥቅልሎች መካከል የለም፣ በሙሉ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ዮሴፍ ሚሊክ የተባለ ሊቅ በ1976 እ.ኤ.አ. በዚሁ ተነሥቶ ክፍሉን ዘግይተው ክርስቲያኖች ጻፉት አለ። አልቀበለውም! ምዕራፍ 71 «የሰው ልጅ» የሚለው ሄኖክን ራሱን ነው፤ የትኛው ክርስቲያን እንደዚያ ብሎ መጽሐፍ ይጨርሳል? ስለ ክርስቶስ መከራና ስለ መስቀሉስ እንዴት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ያልፋል? ዛሬ አብዛኞቹ ምሁራን ከክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ ያደርጉታል። ግዕዛችን ባይኖር ዓለም ይህን ገጽ አያውቀውም ነበር፤ ሆኖም ከራሳችን መምህራን ብዙዎቹ ሲያስተምሩት አልሰማም።

ይኸው ትስስር ሌላ ቦታም ይታያል። በሲራክ 51 መምህሩ ያልተማሩትን ወደ እኔ ቅረቡ ይላል፣ ከጥበብ ቀንበር በታች አንገታቸውን እንዲያደርጉ ይመክራል፣ ጥቂት ደክሞ ብዙ ዕረፍት ማግኘቱን ይመሰክራል። በማቴዎስ 11 ኢየሱስ ደካሞችን ወደ ራሱ ይጠራል፣ ቀንበሬን ተሸከሙ ይላል፣ ዕረፍት ይሰጣል። ሲራክ ወደ ጥበብ ይልካል፤ ኢየሱስ በጥበብ ቦታ ቆሞ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ክርስቶስን የእግዚአብሔር ጥበብ ያሉት ከዚህ የጥበብ ትውፊት ተነሥተው ነው፣ አቴና ላይ ተምረው አይደለም።

ሮቤም ሆናችሁ ወይም አንገቱ፣ 81ዱን የያዘ መጽሐፍ ቅዱስ ቤታችሁ ካለ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ሳታልፉ ሲራክ 24ን፣ ቀጥሎ ይህን የሄኖክ ምንባብ፣ በመጨረሻ ዮሐንስ 1ን በዚሁ ቅደም ተከተል አንብቡ።