የዓድዋን ሥዕል እናንብበው

ደሴ ላይ ሥዕል ሳስተምር ከተማሪዎቼ ቶሎ ቶሎ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ በዓድዋ ሥዕል ላይ ጣሊያኖቹ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ኖራቸው?» ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሥዕሉን ማንበብ ጀምሯልና ደስ ይለኛል።

መልሱ ያለው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ ነው። ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ይሥሉታል፤ ክፉውን ግን በጎኑ አዙረው አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳዩታል። የዓድዋ ሠዓሊዎች ይህንኑ ሥርዓት ጦር ሜዳ ላይ አዋሉት። በግራ በኩል አፄ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው ከጥላ ሥር ይታያሉ፤ ዝቅ ብሎ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ናቸው። በቀኝ በኩል የጣሊያን ጦር ተሰልፏል፤ መሐል ላይ መድፍ ያጓራል፣ ጎራዴ ይመዘዛል። ከሁሉም በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ሆኖ፣ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀስተ ደመና ተከቦ ጦሩን ወደ ጠላት ያነጣጥራል። ውጊያው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ስለዋለ ሠዓሊው እርሱን መተው አይችልም።

ባሕር ያላቸው አገሮችም የየራሳቸው የድል ሥዕል አላቸው። ሩሲያዊው ኢቫን አይቫዞቭስኪ የቼስማን የወደብ ውጊያ በ1848 እ.ኤ.አ. ሣለ። ውጊያው የተደረገው በ1770 ነውና ሠዓሊው ያኔ ገና አልተወለደም ነበር። በሥዕሉ ላይ የኦቶማን መርከቦች በሌሊት ወደቡ ውስጥ ይነዳሉ፤ የእሳቱ ቅላት ከጨረቃው ብርሃን ጋር ውሃው ላይ ይገናኛል። አይቫዞቭስኪ ማን እንዳሸነፈ በብርሃን ነገረን፤ የኛዎቹ ደግሞ በዓይን። ሁለቱም መንገድ ትክክል ነው፤ የኛው «የልጅ ሥዕል ይመስላል» ሲባል ስሰማ ግን አዝናለሁ። ሥርዓቱን ያወቀ ሰው እንዲህ አይልም።

ለእኛ ለወሎዎች ደግሞ ሥዕሉ የቅርብ ነው። የጠቡ ምክንያት የሆነው የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩም ሠራዊቱ እንዲሰበሰብ የተቀጠረው ወረኢሉ ነበር። ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ አስከትለው ዘመቱ፤ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ከደመሰሱት መካከል የእሳቸው ፈረሰኞች ይገኙበታል። ጄኔራሉም በዚያው ውጊያ ሞተ። ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ አይጠየፍ አዳራሽም የእሳቸው ነው። አንዳንድ ሠዓሊዎች ከየመኳንንቱ ራስ በላይ ስም ይጽፋሉና በምታገኙት ሥዕል ላይ የራስ ሚካኤልን ስም ፈልጉ፤ ለልጆቻችሁም አሳዩ።

የዓድዋ ሥዕል ዛሬ ለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ሳይቀር አለ። እኛ ጋ ያለውስ? የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ በእኔ ዘንድ ዋጋው ጨምሯል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከአያት የወረሳችሁት፣ በአቡጀዲ ላይ የተሣለ የጦርነት ሥዕል ካላችሁ ከፀሐይና ከምድጃ ጭስ አርቁት፤ ቀለሙን በውሃ አታጥቡት። ማን እንደሣለው፣ መቼና ከየት እንደተገዛ ከትልልቆቹ ጠይቁና ጽፋችሁ ከሥዕሉ ጋር አስቀምጡ። የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ያልተጠየቀ ነገር በኋላ መላሽ የለውም።