የሞዴል ፈተና ውጤት ምን ያህል ይታመናል?

ዛሬ የማስተርስ ትምህርት ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ከአንድ በር ፊት ይቆማል። ይህም በር የትምህርት ሚኒስቴር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ይሰጣል። ሲጀመር የተወሰነው የማለፊያ ነጥብ ከመቶ 50 ነበር።

እንግዲህ እርስዎ በጋሞ ደጋ በገረሴ የሚያስተምሩ መምህር፥ ወይም በወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ሠራተኛ እንደ ሆኑ እናስብ። ቀን በሥራ፥ ማታ በጥናት ይደክማሉ። ወዳጅዎ በቴሌግራም የላከልዎትን የሞዴል ጥያቄ ሠርተው 62 አገኙ እንበል። ፈቃድ ጠይቀው፥ የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ቆጥበው ለፈተና ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ፥ ያ 62 አብሮዎት ይወርዳልን?

መልሱ የሞዴሉን ጠባይ ሳይመረምሩ አይገኝም። የጋሞ ሸማኔ አንድ ክንድ ጨርቅ አሳይቶ ስለ ቀሪው ጨርቅ የሚመሰክረው ድሩም ማጉም አንድ ስለ ሆነ ነው። ሞዴል ፈተናም ስለ ዋናው ፈተና የሚመሰክረው ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሲሠራ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ነገር ጥያቄዎቹ አዲስ ናቸው ወይ የሚለው ነው። ያንኑ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሠርቶ 85 ያገኘ ሰው የለካው ትዝታውን እንጂ ማመዛዘኑን አይደለም። ከወዳጅ ወደ ወዳጅ የሚዞር የጥያቄ ስብስብ ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሱም አብሮት ይዞራል። ስለዚህ ለትንበያ የሚጠቅመው ውጤት ጥያቄዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ ያገኙት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሁኔታው ነው። በቤት ውስጥ ሻይ እየጠጡ፥ አንዱን ጥያቄ ዛሬ ሌላውን ነገ እየሠሩ፥ ሲቸግር መዝገበ ቃላት እየገለጡ የተገኘ ነጥብ ስለ ፈተናው ቀን ብዙ አይናገርም። የዚህን እውነት አገራችን በ12ኛ ክፍል ፈተና አይታዋለች። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሰጥ፥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ያህል ነው። ሁሉም ግን በየትምህርት ቤታቸው ፈተና ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፉ የመጡ ነበሩ። ፈተናውም ጥበቃውም ሲለወጥ የቀድሞው ነጥብ የነገውን ሳይናገር ቀረ።

በውጭ አገርም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ጂ.አር.ኢ. የተባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የቃልና የቁጥር ክፍሎች አሉት፤ የየአንዳንዳቸው ነጥብ ከ130 እስከ 170 ነው። ተፈታኙ የመጀመሪያውን ክፍል የሠራበት መጠን የሚቀጥለውን ክፍል ክብደት ይወስናል። ስለዚህ የመጽሐፍ ጥያቄ ሠርቶ ትክክሉን በመቁጠር ብቻ የፈተናውን ነጥብ ማወቅ አይቻልም። አዘጋጁ ድርጅት ኢ.ቲ.ኤስ. እንደ ዋናው ፈተና የሚሠሩ ሁለት የልምምድ ፈተናዎች በነፃ የሚሰጠውም ተፈታኙ ራሱን በትክክለኛው ሚዛን እንዲመዝን ነው።

ሦስተኛው ዕድል ነው። አራት አራት ምርጫ ያላቸው 100 ጥያቄዎች ቀርበዋል እንበል። ከእነዚህ 34ቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው የቀሩትን 66 በግምት ቢያጠቁር፥ በአማካይ 16 ወይም 17 በዕድል ያገኛል። ድምሩ 50 ገደማ ይሆንና ያለፈ ይመስለዋል። ነገር ግን በሌላ ቀን ዕድሉ ትንሽ ካጠፈችበት ይወድቃል።

የጥያቄው ቁጥርም ይታሰብ። እውነተኛ ችሎታው ልክ 50 የሆነ ሰው 100 ጥያቄ ባለው ፈተና ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ከ45 እስከ 55 ያመጣል። ጥያቄው 20 ብቻ ከሆነ ግን ያው ሰው ከ40 እስከ 60 ይዋዥቃል። ስለዚህ በአጭር ወርክሺት የተገኘ 60 ለደስታ፥ 40ም ለተስፋ መቁረጥ አያበቃም።

ከዚህ ሁሉ የሚያታልለው ግን «እስከ ዛሬ ያመጣሁት ትልቁ ነጥብ» የሚባለው ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 እ.ኤ.አ. የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲመረምር፥ እጅግ የረጃጅም ወላጆች ልጆች በአብዛኛው ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ አማካዩ የቀረቡ ሆነው አገኛቸው። የፈተና ነጥብም እንዲሁ ነው። እጅግ ከፍ ያለው ነጥብ ችሎታ ብቻ ሳይሆን መልካም ዕድልም ተደርቦበት የተገኘ ነውና የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የቁጥር ጠባይ ነው።

ታዲያ አንባቢ ሆይ፥ ምን ይደረግ? አይተዋቸው የማያውቁ ሦስት ሙሉ ሞዴሎች ይለዩ። በተለያዩ ቅዳሜዎች፥ በተወሰነ ሰዓት፥ ስልክዎን ዘግተው ይሥሩአቸው። የሚቻል ከሆነ ቢያንስ አንዱን በኮምፒውተር ይሥሩት፤ ለዚህ የመሥሪያ ቤትዎን ኮምፒውተር ከሥራ ሰዓት በኋላ አስፈቅደው ቢጠቀሙ ነውር የለውም። በግምት የመለሱትን ሁሉ በምልክት ይለዩት። በመጨረሻ ትልቁን ትተው የሦስቱን አማካይ ይያዙ።

ማለፊያው 50 ከሆነ አማካይዎ 50 መሆኑ አይበቃም፤ ያ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። እውነተኛ ችሎታው 55 የሆነ ሰው እንኳ በ100 ጥያቄ ፈተና ከሰባት ወይም ከስምንት ጊዜ አንዱን ይወድቃል። 60 የሆነው ግን የሚወድቀው ከ60 ጊዜ አንዱን ያህል ነው። እነዚህ አሥር ነጥቦች ዳግም መጠበቅን ሊያስቀሩልዎት ይችላሉ።

ሞዴል ፈተና ከትንበያ የሚበልጥ ሌላ ጥቅምም አለው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በልጠው ታዩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጠ ያስታወሱት ካነበቡ በኋላ ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ። ስለዚህ ሞዴሉን ሠርተው ነጥቡን ብቻ አይተው አይጣሉት። የሳቱትን እያንዳንዱን ጥያቄ ለምን እንደ ሳቱት በደብተር ይጻፉ፤ የቋንቋ ነውን? የስሌት ነውን? ወይስ የችኮላ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ይህን ሥራ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። ነጥቡ ዛሬ የት እንዳሉ ይነግርዎታል፤ ነገ የት እንደሚደርሱ የሚወስነው ግን ያ የስሕተት ደብተር ነው።