ልጆችን ይዞ ገና ጨዋታ መሄድ፦ ከዱላው ስንት እርምጃ ይራቁ?



በዓል ሲቃረብ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «ዶክተር፣ ዘንድሮ ለገና ልጆቹን ይዘን ወደ ሸዋ ሮቢት ልንወርድ ነው። አባታቸው ገና ሊጫወት ሜዳ ሲወጣ የ4 ዓመቱ ልጄ አብሬ ካልሄድኩ ማለቱ አይቀርም። ይሂድ ወይስ ቤት ይቅር?»

መልሴ አጭር ነው፦ ይሂድ! ግን ልጁ የት እንደሚቆምና ማን እንደሚይዘው ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ሜዳ ከደረሳችሁ በኋላ ከሆነ ረፍዷል።

ይሂድ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ስክሪን ላይ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆዩ ይመክራል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚያድግ ልጅ ይህን ያህል ሜዳ ከየት ያገኛል? የአባቱን ጨዋታ ማየቱም አንድ ነገር ነው።

◆ ጎልፍና ገና ምን አገናኛቸው?

ጎልፍ ለአብዛኞቻችን የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው። ግን ጎልፍ በተለመደባቸው አገሮች ወላጆች ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ሜዳ ይሄዳሉ፤ እዚያ የሚደርሰው ጉዳት ለእኛም ትምህርት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚፈራው ኳሷን ነው። እውነት ነው፣ 46 ግራም እንኳ የማትሞላው የጎልፍ ኳስ በፍጥነት ስትመጣ ዓይን ታጠፋለች። በልጆች የጭንቅላት ጉዳት ላይ ግን ሐኪሞች ደጋግመው የሚያነሱት ዱላውን ነው። ነገሩ ሁሌም ተመሳሳይ ነው፦ አንዱ ዱላውን ወደ ኋላ ያነሳል፣ ሌላው ልጅ ከኋላው ወይም ከጎኑ ተጠግቶ ቆሟል፣ መቺው አላየውም።

የእኛም ገና እንዲሁ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ አለ (ዱላው ራሱም ገና ይባላል)፣ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራች ጠንካራ ሩር አለች። የዱላው ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው በዚያች ትንሽ ቆልማማ ጫፍ ላይ ነው። በጥፊ የተመታና በመዶሻ የተመታ አንድ አይደለም፤ ጉልበቱ በትንሽ ቦታ ላይ ሲያርፍ አጥንትን ወደ ውስጥ ሊሰብር ይችላል።

እንዲያውም በአንድ ነገር ገና ይብሳል። ጎልፍ ተጫዋች ቆም ብሎ፣ ዙሪያውን አይቶ ነው የሚመታው፤ ኳሷ ወደ ሰው ከሄደችም «ፎር!» ብሎ ይጮኻል። በገና ጨዋታ ግን ሁሉም እየሮጠ ይመታል። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፣ ሜዳው ብዙ ጊዜ መስመር የለውም። አሁን ዳር የነበረው ቦታ ከአፍታ በኋላ መሃል ሊሆን ይችላል። በገና ዕለት ጌታም አይቆጣም ይባላል፤ ጭንቅላት ግን በዓል አያውቅም።

◆ ለምን ትንሽ ልጅ የበለጠ ይጎዳል?

• ቁመቱ፦ የ4 ዓመት ልጅ 1 ሜትር ገደማ ነው። አዋቂ ዱላውን ሲያወዛውዝ የዱላው ጫፍ የሚያልፈው ልክ በልጁ ፊትና ጭንቅላት ከፍታ ነው።
• ጭንቅላቱ፦ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅና ከባድ፣ አጥንቱም ከአዋቂው የሳሳ ነው።
• ግምቱ፦ ዱላው ወደ ኋላ እንደሚመለስ አያስብም። ዓይኑ ያለው ሩሯ ላይ ነው፤ እሷን አይቶ ይሮጣል።

◆ ሜዳ ላይ ምን እናድርግ?

1. ለልጁ አንድ ጠባቂ መድቡ። «ሁላችንም እናየዋለን» ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም ማለት ነው። ጠባቂው የማይጫወት፣ ጠላ ያልቀመሰ፣ ስልኩን ኪሱ የከተተ ሰው ይሁን። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ጠባቂ አይሆንም!

2. ርቀቱን በእርምጃ ለኩ። የአዋቂ ክንድና ዱላ ሲደመር 2 ሜትር ያህል ይደርሳል፣ ሰውየው ደግሞ እየሮጠ ነው። ስለዚህ ከሚጫወቱት ቢያንስ 20 ትልልቅ እርምጃ ራቁ። ጨዋታው ወደ እናንተ ሲመጣ ልጁን አቅፋችሁ ተነሱ። ከግቡ ጀርባ አትቁሙ።

3. ልጁም ይጫወት፣ ግን የራሱን ጨዋታ። ከጨርቅ የተሠራች ኳስና ቀላል አጭር ዘንግ ይበቃዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ አንዱ ሲመታ ሌላው ይቀመጣል። ትንንሽ ልጆች «ተጠንቀቅ» ከሚለው ቃል ይልቅ «ቁጭ በል» የሚለውን ቶሎ ይረዳሉ።

4. ጨዋታው ሲያበቃ ዱላዎቹን ሰብስቡ። ታላላቆች እረፍት ሲወጡ ታናናሾች ዱላውን አንስተው እርስ በርስ መሞካከር ይጀምራሉ፤ ያኔ ደግሞ የሚያያቸው የለም።

◆ ቆላውንም አትርሱ

ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነበራችሁ፤ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዳችሁ 50 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ልጁ ግን ጣርማ በር ላይ የለበሰውን ሹራብ እንደለበሰ ነው! አውልቁለት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ፈልጉለት። ውሃ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፤ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይጎንጭ። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን ውሃ ሳይሆን የእናት ጡት ቶሎ ቶሎ ይሰጠው።

አካባቢው የመስኖ አገር ነው። ሩሯ ቦይ ውስጥ ከገባች ልጅ ተከትሏት ይገባል፤ ስለዚህ ከቦይና ከወንዝ ራቅ ያለ ሜዳ ምረጡ። ማታ አጎበር አይቅር፤ ከ2,000 ሜትር በታች በአገራችን የወባ አካባቢ ነው። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ልጁ ካተኮሰው «ቆላ ሄዶ ነበር» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የደም ምርመራ ይደረግለት።

◆ ልጁ ቢመታስ?

• ደም ካለ፦ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሳታነሱ ያዙት። አጥንቱ የሰመጠ ከመሰላችሁ ግን ቦታውን አትጫኑ፤ በጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዱት። የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ አፈር አታድርጉ።
• ዓይኑ ከተመታ፦ አትሹት፣ አትጫኑት። በንጹሕ የስኒ ወይም የፕላስቲክ ኩባያ ከልላችሁ ወዲያው ሐኪም ጋ።
• ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ፦ ሥሩን ሳትነኩ ወተት ውስጥ ከታችሁ በ1 ሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ጋ ድረሱ። የወተት ጥርስ ከሆነ መልሳችሁ አትትከሉት።
• ሕመም ካለው፦ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ትንሽ አልቅሶ ተነስቶ ሊጫወት ይችላል። «አይ ምንም አልሆነም» ተብሎ በዓሉ ይቀጥላል። የተቀደደ የደም ሥር ግን ከራስ ቅሉ ሥር ቀስ እያለ ሊደማ ይችላል፤ ልጁም ከሰዓታት በኋላ ይደክማል። ይህ ደም በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ልጁም ይድናል። ካልተደረሰበት ይገድላል።

ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱን እንኳ ካያችሁ «እስኪነጋ እንየው» አትበሉ፦

❗ ለአፍታም ቢሆን ራሱን ከሳተ
❗ ደጋግሞ ካስመለሰው
❗ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሲቀሰቅሱት በቀላሉ ካልነቃ
❗ ካንቀጠቀጠው
❗ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ
❗ የዓይኑ ብሌኖች መጠናቸው ከተለያየ
❗ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከሰነፈ፣ አረማመዱ ከተዛባ
❗ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ
❗ ከ2 ዓመት በታች ከሆነና ከግንባሩ ውጪ ጭንቅላቱ ላይ ለስለስ ያለ እብጠት ካለ

ከነዚህ ምንም የሌለው ልጅ የእንቅልፍ ሰዓቱ ሲደርስ መተኛት ይችላል። በመጀመሪያው ሌሊት ግን በየጥቂት ሰዓቱ ቀስቅሳችሁ ስሙን ጥሩት፤ አውቋችሁ ከመለሰ ደግ ነው። ለ48 ሰዓት ከዓይናችሁ አይጥፋ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ መንገዱም ነው። ከሸዋ ሮቢት ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን ቢላክ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ጣርማ በር ደግሞ ማታ ጉም አለው። ምልክቱን ማታ 2 ሰዓት ላይ ያየ ቤተሰብና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የነቃ ቤተሰብ እኩል ዕድል የላቸውም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት በአካባቢው የቅርቡ ጤና ተቋም የት እንደሆነና ሌሊት መኪና ያለው ማን እንደሆነም ዘመድ ጠይቁ።

✅ ባጭሩ፦ ልጁ ይሂድ፣ አንድ ሰው እሱን ብቻ ይጠብቅ፣ ከዱላው 20 እርምጃ ይራቅ፣ ከተመታ 48 ሰዓት ይታይ።

ለገና ወደ አገር ቤት ለሚወርድ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ።

ጤናችሁ ይብዛ!