«ውሃ በዝቷል» ማለትን የት ይማሩት?

የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎቻችን አራተኛ ዓመት ላይ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ለተግባር ልምምድ ይወጣሉ። እኔም አስተባባሪያቸው ስለሆንኩ ሳይት ለሳይት እዞራለሁ። አሠሪዎች ሲያማርሩ «ትምህርቱን አያውቁትም» የሚለኝ ጥቂቱ ነው። አብዛኛው «አይጠይቁም፣ አይናገሩም፣ ሪፖርታቸው አይነበብም» ይላል።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሶሌታ በሚሞላበት አንድ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። ተለማማጁ የአርማታውን ቅጥነት የሚለካውን ስላምፕ ቴስት እንዲሠራ ታዘዘ። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ኮን በሦስት ዙር ሞላ፤ እያንዳንዱን ዙር 25 ጊዜ በዘንጉ ጠቀጠቀ፤ ኮኑን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሳ። አሠራሩ እንከን አልነበረውም። አርማታው ግን መቆም አቅቶት ተዘረረ፤ ውሃው ከልክ ያለፈ ነበር። ልጁ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ መዘገበና ዝም አለ። ሚክሰሩ ዘንድ የቆሙት ፎርማን የአባቱ እኩያ ናቸው። ሠራተኞቹ ደግሞ አርማታው ለአካፋ እንዲቀልላቸው ውሃ ይጨመርልን ባይ ናቸው። ጠጋ ብዬ ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው፣ «መምህር፣ ጋሼ እኮ ከእኔ በላይ ያውቃሉ» አለኝ።

ታላቅን ማክበር ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣ መልካም ነገር ነው፤ እንዲጥለው አልፈልግም። ያጣው አክብሮቱን እንደያዘ ሥራውን የሚያስቆምበትን አነጋገር ነው። «ጋሼ፣ ይቺኛዋ ውሃ በዝቶባታል፤ መሐንዲሱ እስኪያዩዋት ትቆይልኝ» ማለትን ማንም አላለማመደውም። ውሃ የበዛበት አርማታ መዘዙ በዕለቱ አይታይም። ለናሙና የተወሰደው ኪዩብ ተሰብሮ ጥንካሬው የሚረጋገጠው በ28ኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ሶሌታው ላይ የሚቀጥለው ፎቅ ኮለን መቆም ይጀምራል።

ተለማማጆቹ የሚሞሉት ሎግቡክም ያው ነው። ገጽ በገጽ «ዛሬ የአርማታ ሙሌት ተካሂዷል» ይላል። ሙሌቱ ስንት ሰዓት ተጀመረ? ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ገባ? ዝናብ ሲመጣ የት ላይ ቆመ? ማን አዘዘ? የክፍያ ጥያቄ ወይም ክርክር ሲነሳ ሳይት መሐንዲሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ልጆቹን ዝምታን ያስተማርናቸው እኛው መምህራን ነን ብዬ አምናለሁ። አንድ የቡድን አሳይመንት አንሱና የፊት ገጹን ተመልከቱ፤ የአምስት ተማሪ ስምና መታወቂያ ቁጥር ተደርድሯል። ሥራውን የሠራው አንዱ ነው፤ አንዱ ኮፒ ያስደርጋል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ። ውጤቱ ግን ለአምስቱም እኩል ነው። በዚህ መንገድ አምስት ዓመት የቆየ ልጅ ሳይት ላይ ኃላፊነት ወስዶ እንዲናገር መጠበቅ ይከብዳል። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ከሆነ ወዲህ የትምህርት ክፍሎች ትኩረት ወደ ሞዴል ፈተናና ወደ ቱቶሪያል አዘንብሏል። እውቀት መመዘኑ ተገቢ ነው፤ 50 በመቶውን ያለፈ ሁሉ ግን መናገር ችሏል ማለት አይደለም። ለተመራቂዎች የሚሰጠው የሁለት ቀን የሥራ ዝግጁነት ሥልጠናም ሲቪ አጻጻፍ ያሳያል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ ለዓመታት የተገነባን ልማድ ግን በሁለት ቀን አይለውጥም።

ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ከሰው ጋር ማሠራት ለሀገራችን አዲስ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ ብዙዎቹ ያስተምሩ ነበር። ጎንደር ላይም የተለያየ ሙያ የሚማሩ የጤና ተማሪዎች ዛሬም በቡድን ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። ሁለቱም ተማሪውን ከሰው ፊት ያቆማሉ፤ የሚናገርበትም ጊዜ ይሰጡታል።

እኔ በራሴ ኮርስ የጀመርኩት ቀላል ነገር ነው። በቡድን ሥራ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የሠራው ይጻፋል፤ አቅራቢው በዕጣ የሚወጣው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ ሪፖርት በአማርኛም በእንግሊዝኛም እቀበላለሁ፦ ምን ታቀደ፣ ምን ተሠራ፣ ምን አስቆመው። ላብራቶሪ ውስጥም አንዱን ፎርማን፣ ሌላውን ተለማማጅ አድርጌ ውሃ የበዛበትን አርማታ ሆን ብዬ እሰጣቸዋለሁ። ፎርማን የሆነው ተማሪ በቀላሉ እንዳይሸነፍ እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ድምፃቸው ይጠነክራል። ስልሳና ሰባ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ይህን ማድረግ አድካሚ መሆኑን አልክድም። ትምህርት ክፍሎች የእርማት ረዳት ሊመድቡበት ይገባል።

ከሥራ ተቋራጮችም የምጠይቀው አለኝ። ስብሰባ ላይ «ተማሪዎቻችሁ አይናገሩም» ያለን ድርጅት የላከልንን የግምገማ ቅጽ ስንከፍተው ለሁሉም 95 ከመቶ ሰጥቷል። ልጁን ላለመጉዳት ታስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ተማሪው ከልምምድ ሲመለስ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል፤ የጎደለውን የምንሞላበት ጊዜ አለን ማለት ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ግርጌ ሁለት መስመር ጻፉልን፦ መናገር ሲገባው ዝም ያለበት ቀን የትኛው ነበር? ምንስ ቢል ይጠቅማችሁ ነበር?