የጥያቄ ምልክቱ ከየት መጣ?

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ቤቴል ወይም አየር ጤና አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ለወላጆች የስብሰባ ጥሪ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል እንበል። በአማርኛ የተጻፈው ጥሪ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከደረሰ፣ የተለመደው ፍርድ «ስልኩ አማርኛ አያነብም» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ አማርኛው በላቲን ፊደል መጻፍ ይጀምራል። ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። ስልክ የማያውቀው ፊደል ሲደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ባዶ ሳጥን ነው። የጥያቄ ምልክት የሚነግረን ፊደሉ ስልኩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ መጣሉን ነው፤ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበትም ጌትዌዩ ነው።

ጌትዌይ በላኪው ኮምፒውተርና በቴሌኮሙ የመልእክት ማዕከል መካከል ያለ አሸጋጋሪ ሶፍትዌር ነው። ከማዕከሉ ጋር በአብዛኛው የሚነጋገረው ኤስኤምፒፒ በሚባል ደንብ ሲሆን፣ በዚህ ደንብ እያንዳንዱ መልእክት ጽሑፉ በምን ዘዴ እንደተጻፈ የሚናገር አንድ ቁጥር ይዞ ይጓዛል። ቁጥሩ 0 ከሆነ ማዕከሉ የራሱን መደበኛ ሰንጠረዥ ይጠቀማል፤ በዚያ ሰንጠረዥ ግዕዝ የለም። 8 ከሆነ ዘዴው ዩሲኤስ-2 ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይይዛል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ቦታ ስላገኘ በዚህ ዘዴ ያለ ችግር ይጓዛል። ስለዚህ የጥያቄ ምልክት ያየ ባለሙያ ቀድሞ የሚፈትሸው ይህን ቁጥር ነው።

ቁጥሩ 8 ሆኖም ጽሑፉ ሊበላሽ ይችላል፤ ያኔ የሚታየው የቻይና ወይም የኮሪያ የሚመስል ፊደል ነው። አንዱ ምክንያት የሁለቱ ባይቶች ቅደም ተከተል መገልበጡ ነው፤ «በ» ተገልብጦ ሲነበብ «ቁጣ» የሚል ትርጉም ያለው የቻይና ፊደል ይሆናል (ለተቀባዩ ስሜት የሚስማማ ነው)። ሌላው ምክንያት ጽሑፉ ሳይለወጥ በዩቲኤፍ-8 መላኩ ነው። ሁለቱን ለመለየት ፊደል መቁጠር ይበቃል፦ በመገልበጥ የፊደሉ ብዛት አይለወጥም፤ በዩቲኤፍ-8 ግን አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚፈጅ የሚደርሰው ጽሑፍ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይረዝማል።

«ይህ ሁሉ ተስተካክሎስ ማን ይከፍለዋል?» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ባዶም አይደለም። የአንድ መልእክት ሆድ 140 ባይት ብቻ ስለሆነ በላቲን 160፣ በግዕዝ 70 ፊደል ይይዛል። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል ለማያያዣ 6 ባይት ያጣል፤ በግዕዝ ሲሆን 67 ፊደል ይቀረዋል። በላቲን መልእክት መጨረሻ የገባች አንዲት አራት ነጥብ እንኳ መልእክቱን በሙሉ ወደ 70 ታወርደዋለች። ይሁን እንጂ 160ን ከ70 ጋር አወዳድሮ «ከሁለት እጥፍ በላይ ይወደዳል» ማለት የፊደላችንን ባሕርይ መርሳት ነው። ግዕዝ ተነባቢና አናባቢን በአንድ ፊደል ይይዛል። «ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ» ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 16 ነው፤ በላቲን ሲጻፍ 26 ይሆናል። በዚህ ስሌት የግዕዙ ትርፍ ወጪ 40 በመቶ ገደማ ነው። የቃላት ምርጫ ይህን ልዩነት ሊያሰፋውም ሊያጠበውም ይችላል፤ እጥፍ ነው የሚለው ወሬ ግን አይቆምም። ርካሹ መንገድም ዋጋ አለው፤ በላቲን «መጣ» እና «መታ» አንድ ዓይነት ይጻፋሉና ወላጁ እየገመተ ያነባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የድሮ ስልክ ነው። ግዕዝ የሌለው ስልክ በእርግጥ አለ፤ ባለቤቱም ሳጥን ያያል። እነዚህን ሰዎች ለይቶ በላቲን መላክ ይቻላል፤ በእነሱ ምክንያት ሁሉንም ወላጅ ላቲን ማስነበብ ግን ስንፍና ነው።

የመልእክት አገልግሎት ልትገዙ ያሰባችሁ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና የቁጠባ ማኅበራት፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ከ70 ፊደል የበለጠ የአማርኛ መልእክት ወደ ሁለት ሦስት ዓይነት ስልክ አስልካችሁ እዩ።